ሾክ ብቻውን አያረጅም

የክላሲክ መኪና ወዳጆች በተገናኙበት ዕለት ከቀረበ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ የተጋበዝኩት የአሮጌ መኪና የፊት ስትራት፣ ማለትም ሾኩና ሞላው አንድ ላይ የታሰሩበት እግር፣ እንዴት እንደሚቀየር እንድናገር ነው። ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ብዙዎቻችሁ የሠራችሁት ጥፋት ይመስለኛል።

መኪናዬ ቮልስዋገን 1303 ናት፣ ያቺ የፊት መስታወቷ ጎበጥ ያለው ቮልስ። ከጊዜ በኋላ ፊቷ መንሳፈፍ ጀመረ። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋን ትደፋለች። የግራውን ሾክ ጎንበስ ብዬ ሳየው በዘይት ርሷል። ነገሩ ግልጽ ነበር። ለግራም ለቀኝም አዲስ ካርትሪጅ፣ ማለትም ስትራቱ ውስጥ የሚገባ የታሸገ ሾክ፣ ገዛሁ፣ ሁለት ቅዳሜ ፈጀሁ፣ ገጠምኩ። ስነዳት ሌላ መኪና ሆነች። ደስ ብሎኝ ተመልሼ ላቆማት መሪውን ጠምዘዝ ሳደርግ ከፊት በኩል "ጧ!" አለ። ደግሜ ጠመዘዝኩ። "ጧ!"

አዲሱ ሾክ ጥፋት አልነበረበትም። ከስትራቱ አናት ላይ የሚቀመጠው ኩሽኔታ ደርቆ ነበር። የሚያናድደው ስፈታ በእጄ ይዤው ነበር! አዙሬው ኮርኮር ሲል ሰምቻለሁ። "ለጊዜው ይሠራል" ብዬ መልሼ ከተትኩት። ሦስተኛው ቅዳሜ ሁሉንም እንደ አዲስ በመፍታት አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ሾክ ልቀይር ነው የሚለኝን ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው። ሾክ ብቻውን አያረጅም። አብሮት የኖረው ላስቲክ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ ብሎን፣ ከላይ ደግሞ የተሸከመው የቦዲ ቆርቆሮ አብረውት አርጅተዋል። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

መጀመሪያ ሥራቸውን እንለይ። መኪናዋን የሚሸከመው ሞላው ነው። የሾኩ ሥራ ሞላውን ማረጋጋት ነው። ሞላ ብቻውን ቢተው ጉድጓድ በነካችሁ ቁጥር መኪናዋ ደጋግማ ትነጥራለች። ሾኩ በዘይት የተሞላ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ፒስተን ይወጣል፣ ይወርዳል። ዘይቱ በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች ተጨንቆ ነው የሚያልፈው። በዚህ መጨናነቅ የመኪናዋ ውዝዋዜ ወደ ሙቀት ይቀየራል፣ ሙቀቱም በቱቦው በኩል ወደ አየር ይወጣል።

ይህን ካወቃችሁ ሁለት ነገር ይቀላችኋል። አንደኛ፣ መኪናዋ በአንድ ጎን ዝቅ ካለች ሾክ አትግዙ። የደከመው ሞላው ነው፣ ወይም የሞላው መቀመጫ ዝጎ ተቀዷል። ሁለተኛ፣ ሸካራ መንገድ ላይ ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ ወርዳችሁ ሾኮቹን በእጃችሁ ዳበስ አድርጉ። የፍሬኑን ዲስክ እንዳትነኩ ብቻ፣ እሱ ያቃጥላል። የሚሠራ ሾክ ሞቅ ይላል። ግራው ሞቆ ቀኙ ቀዝቃዛ ከሆነ ቀኙ ሥራ አቁሟል። ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ ነው።

ስትራት የሚባለው ነገር ከተራ ሾክ የሚለየው ሾኩ ራሱ የመኪናው እግር በመሆኑ ነው። ሞላው እላዩ ላይ ተቀምጧል። የጎማው ማዕከል ከታች ታስሮበታል። መሪ ስትጠመዝዙ ስትራቱ ሞላውን ይዞ አብሮ ይዞራል። ሐሳቡን ለብዙ ምርት ያበቃው ኧርል ማክፈርሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ለታሰበች ትንሽ ሼቭሮሌት ይሠራ ነበር። ያቺ መኪና እ.ኤ.አ. በ1947 ተሰረዘች። እሱም ወደ ፎርድ ሄደ። ሥርዓቱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዞቹ ፎርድ ኮንሰልና ዜፊር ላይ ታየ። በ1960 ፔጆ 404፣ በ1962 ቢኤምደብሊው 1500 ተከተሉ። ቮልስ ላይ የደረሰው ዘግይቶ ነው፣ በ1970 በ1302 ሞዴል። በሞላ ፈንታ በሚጠመዘዝ ብረት የሚሠራው የድሮው የቶርሽን ባር ሥርዓት ከፊት ሲነሳ የዕቃ መጫኛው ቦታ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ተለዋጭ ጎማው ተጋድሞ መተኛት ቻለ። አየር ማቀዝቀዣ እንኳ ለሌላት መኪና ትልቅ ድሎት ነው።

ታሪኩን ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በማክፈርሰን አሠራር የመንገዱ ምት በስትራቱ ወጥቶ የሚያርፈው በቦዲው ላይ ነው። ከፓራፋንጎው ውስጥ ከፍ ያለ የቆርቆሮ ጉልላት አለ። ስትራቱ እዚያ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ዳዶ፣ ይታሰራል። ጎማው የሚረጨው ጭቃም ከሥር ገብቶ የሚከማቸው እዚያው ነው። ጭቃው እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበቱ ያዝጋል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከላይ ምንጣፉን ግለጡ፣ ከሥር ጭቃውን አጥባችሁ አውጡና ጉልላቱን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት። ጠንካራ ብረት "ቲክ" ይላል። የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው፣ ካቻቢቴውም ይሰምጣል። ሰመጠ? ሾኩ ይቆይ፣ በያጅ ጥሩ። በበሰበሰ ጉልላት ላይ አዲስ ሾክ መግጠም መኪናዋን ይብስ መጉዳት ነው። አዲሱ ሾክ ከደከመው ይልቅ በኃይል ይገፋል፣ ምቱን የሚቀበለው ደግሞ ያ የበሰበሰ ቆርቆሮ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ሁላችንም የምናውቃት አንድ ፈተና አለች፤ ፓራፋንጎውን ተጭኖ መልቀቅ። መኪናዋ ከሁለት ጊዜ በላይ ከነጠረች ሾኩ አልቋል ይባላል። እውነት ነው። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። በእጅ ስትጫኑ ፒስተኑ የሚሄደው በጣም በዝግታ ነው። በፍጥነት ጉድጓድ ስትገቡ የሚሠሩት ቫልቮች በዚህ ፈተና አይነኩም። ስለዚህ ፈተናውን ያለፈ ሾክ ደህና ነው ማለት አይደለም። ይልቅ ጎማውን እዩ። ዙሪያውን በመዳፋችሁ ስትዳብሱት አለፍ አለፍ እያለ ጎድጎድ ካለ ጎማው መሬት ላይ እየነጠረ ኖሯል ማለት ነው።

የላይኛውን ኩሽኔታ ለማወቅ ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ መሪውን በቀስታ ግራና ቀኝ ያዙር። ሌላው ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ሞላውን በጣቶቹ ይንካ። ጣት በሞላው ጥምዝ መሐል እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ደህና ኩሽኔታ ከሆነ ሞላው ከጎማው ጋር እኩል ይዞራል። የደረቀ ከሆነ ሞላው ትንሽ ይቆያል፣ ይታመቃል፣ ከዚያ በድንገት ይፈናጠራል። በጣታችሁ ይሰማችኋል። ያኔ እኔ ይህን ባውቅ ሦስተኛው ቅዳሜ ይተርፈኝ ነበር።

ቅድም አንድ ወንድማችን "መኪናዬ እኮ ብዙ አልተነዳችም፣ ሾኩ ለምን ያፈሳል?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ምክንያቱ መቆሟ ነው። መኪና ዓመታት ስትቆም የሾኩ ዘንግ አንድ ቦታ ላይ ተጋልጦ ይቆያል። የአቧራ መከላከያ ላስቲኩ ተቀዶ ከሆነ እርጥበት ዘንጉ ላይ ያድርና ጥቃቅን የዝገት ጉድጓዶች ይሠራል። መኪናዋ በተነሳች ዕለት ያ የተቦረቦረ ዘንግ ዘይቱን በሚይዘው የላስቲክ ቀለበት ውስጥ እንደ ሞረድ ይመላለሳል። ከዚያ በኋላ ዘይት አይያዝም።

እንግዲህ ሥራው። መጀመሪያ ሰርቪስ መጽሐፉን ያዙ። ዕቃ ስታዙ ደግሞ የመኪናውን ዓመት በደንብ ንገሩ። በ1303 እንኳ ቀደም ያሉት ስትራቱን ከታች በሦስት ብሎን ያስሩታል፣ በ1974 ሞዴል አካባቢ አሠራሩ ተቀይሮ ሁለት ብሎን ሆነ። በሣጥኑ ላይ "ሱፐር ቢትል"፣ የ1302ና የ1303 የጋራ ስም፣ ስለተባለ ብቻ አይገጥምም።

ከሥራው ጥቂት ቀን በፊት ብሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጧቸው። በነጋታው ድገሙ። በሦስተኛው ቀን በቁልፍ የሚፈታ ብሎን በመጀመሪያው ቀን ብትታገሉት ይሰበር ነበር።

ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። ይህን ስንት ጊዜ እንደምናገረው አላውቅም፣ ግን አልሰለችም። መኪናዋን ስታነሱ የብረት ስታንድ ከሥር አስገቡ፣ የኋላ ጎማዎቹን አግዱ። አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ የክሪክ ማስቀመጫው ራሱ በስብሶ ሊሆን ይችላል። መዶሻ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ መትታችሁ ድምፁን ስሙ።

ጎማው ወጣ። አሁን ከመፍታታችሁ በፊት ምልክት አድርጉ። ካምበር፣ ማለትም የጎማውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል፣ የሚያስተካክል ብሎን ካለ ጭንቅላቱ የት እንደነበር በቀለም ነጥብ ያዙ። በ1303 ላይ ታችኛው ክንድ፣ ሜካኒኮች ብራቾ የሚሉት፣ በውስጥ ጫፉ ማዕከሉን የሳተ ብሎን አለው። እሱን ካልነካችሁት ይመረጣል። የፍሬን ቱቦውን ከስትራቱ አላቁ። ካሊፐር፣ የፍሬን ዲስኩን የሚጨብጠውን ክፍል፣ ካወጣችሁ በሽቦ አንጠልጥሉት፤ በቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይውል። ከላይ ላስቲኩ ደህና የሚመስል የፍሬን ቱቦ ውስጡ ተቀዶ ሊገኝ ይችላል፣ እናንተም በፍሬን መያዝ ቀን ነው የምታውቁት።

አሁን ከላይ ወደ ሦስቱ ዳዶዎች እንሂድ። እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ።

ጉልላቱ ላይ ስታዩ ዙሪያውን ሦስት ዳዶ፣ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ አለ። ሦስቱ ስትራቱን ከቦዲው ጋር ያስሩታል። መሐለኛው ሌላ ነገር ነው። ሞላውን አምቆ የያዘው እሱ ነው። ሞላው ሳይጨመቅ ያን ዳዶ የፈታ ሰው የተወጠረ ወጥመድ ከፈተ ማለት ነው። ስትራቱ ከመኪናው ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሞም ሞላው ውስጡ እንደታመቀ ነው። ተኝቷል ብላችሁ አትመኑት።

ምን ያህል ጉልበት ነው? እንገምት። በአንድ ሚሊሜትር 20 ኒውተን የሚጠይቅ ሞላ ውሰዱ፣ ለትንሽ መኪና የተለመደ የሚባል ነው። ለመፍታት ብላችሁ 15 ሴንቲሜትር ጨመቃችሁት እንበል። መልሶ የሚገፋው በ3,000 ኒውተን ነው፣ ወደ 300 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። ውስጡ የተቀመጠው ጉልበት 225 ጁል ይሆናል። 10 ኪሎ ብረት ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ እግራችሁ ላይ ቢወድቅ የሚያሳርፈው ያህል ነው። ልዩነቱ ብረቱ ወደ ታች ብቻ ነው የሚወድቀው። ሞላው የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ስለዚህ የሞላ መጭመቂያ ላይ አትሰስቱ። ሁለቱን መጭመቂያዎች ፊት ለፊት፣ ሞላውን እኩል ከፍላችሁ ግጠሙ። ጥርሳቸው ቅባት ይኑረው። ጥቂት ዙር ከዚህ፣ ጥቂት ዙር ከዚያ፣ እየተፈራረቃችሁ አጥብቁ። በእጅ ቁልፍ ነው፤ የአየር ሽጉጥ እዚህ አይገባም፣ ጥርሱን ያቃጥለዋል። አንዱ ወገን ቀድሞ ከታመቀ ሞላው እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ መንጠቆውም ይንሸራተታል። የሞላው ጫፍ ወደ ፊታችሁም ወደ ሰውም እንዳያይ አድርጉ። መቼ ይበቃል? ሞላውን በእጃችሁ ያዙና አንቀሳቅሱት። ከመቀመጫው ተላቆ ቀለል ብሎ ሲወዛወዝ በቅቷል። መሐለኛውን ዳዶ መፍታት ያኔ ነው።

ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር ጫፉን በተገቢው ቁልፍ ያዙት። ዘንጉን በፒንሳ የሚይዝ ሰው አይቻለሁ። ከመግጠሙ በፊት አዲስ ሾክ ገደለ። ያ ዘንግ እንደ መስታወት የተወለወለ ነው። አንዲት ጭረት ከበቂ በላይ ናት።

ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ነው ልብ የሚያስፈልገው። ላስቲኩን በሁለት እጅ ያዙና አጥፉት። ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ወይም ከብረቱ መላቀቅ ከጀመረ ይጣል። ኩሽኔታውን ጆሯችሁ ሥር አድርጋችሁ አዙሩት። ኮርኮር ካለ እኔን አስታውሱኝና ጣሉት። ሾኩ ጥጉን ሲመታ የሚያርፍበት ውስጠኛው ላስቲክ በአሮጌ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ፍርፋሪ ተቀይሯል። ሲነኩት ይረግፋል። የሌለ ላስቲክ ደግሞ አዲሱን ሾክ ብረት በብረት ያስመታዋል። የግራና የቀኝ ሞላዎቹን አጠገብ ለአጠገብ አቁማችሁ ቁመታቸውን አወዳድሩ። በዚህ አጋጣሚ ካለፉት ባለቤቶች አንዱ ሞላ ቆርጦ "አሳምሯት" ከሆነም ይታያችኋል።

ብዙ አሮጌ ስትራቶች ቱቦው ቀርቶ ውስጡ ብቻ ነው የሚቀየረው። የቱቦውን ክዳን ዳዶ ትፈታላችሁ። ቱቦውን በሞርሳ አትጭመቁት፣ ቀጭን ስለሆነ ይጎደጉዳል፣ የታችኛውን ጠንካራ ክፍል ያዙ። ከውስጡ ጥቁር፣ የሚሸት ዘይት ይወጣል። የድሮው ፒስተንና ቫልቭ ይወጣል። ቱቦውን አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ የታሸገውን ካርትሪጅ ታስገባላችሁ። አምራቹ ካዘዘ በዙሪያው ትንሽ ዘይት ይጨመራል። ይህ ዘይት ሾኩን አያሠራም። ከካርትሪጁ የሚወጣውን ሙቀት ወደ ቱቦው ያሻግራል። እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሲሞቅ ይሰፋል። ክዳኑ ሲጠብቅ ካርትሪጁን ጥርቅም አድርጎ መያዝ አለበት። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ማንም የማያገኘው "ቋ፣ ቋ" ይኖራችኋል።

ካርትሪጁን ከማስገባታችሁ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁማችሁ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ጥቂት ጊዜ ስቡት፣ ግፉት። ተጋድሞ ሲቀመጥ አየር ወደ ውስጠኛው ቱቦ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ባዶ ሲሆን ይሰማችኋል፣ ከዚያ እኩል እየከበደ ይመጣል።

መልሶ መግጠሙ የፈታችሁበት ግልባጭ ነው፣ ብዙ አልልበትም። የሞላው ጫፍ መቀመጫው ላይ ባለው ማረፊያ በትክክል ይግባ። ራሱን የሚያጠብቅ ዳዶ ድጋሚ አይታሰርም፣ አዲስ ግዙ። የሚታጠፍ መቆለፊያ ቆርቆሮ ካለም እንዲሁ። መጨረሻ የሚጠብቀው የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ በመጽሐፉ ቁጥር ነው። የብራቾውን ቦኮላ፣ መጋጠሚያው ላይ ያለውን የላስቲክ ቀለበት፣ ከፈታችሁት ደግሞ መኪናዋ ተንጠልጥላ አታጥብቁት። ጎማዎቹ መሬት ነክተው፣ ክብደቷ ሲያርፍ ነው የሚጠብቀው። አለዚያ ላስቲኩ ቀኑን ሙሉ እንደተጠመዘዘ ይኖርና በጥቂት ጊዜ ይቀደዳል። ሾክ ሁልጊዜ ጥንድ ሆኖ ነው የሚቀየረው። ከዚያ አላይመንት፣ ምንም ብትጠነቀቁ።

በመጨረሻ 1302ና 1303 ላላችሁ። እነዚህ መኪናዎች በመካከለኛ ፍጥነት መሪያቸው የሚንቀጠቀጥበት የታወቀ ችግር አላቸው። ብዙ ሰው ሾክ ይቀይርለታል። አልፎ አልፎ ይረዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይረዳም። መጀመሪያ የጎማ ባላንስ አስደርጉ፣ እሱ ርካሹ ነው። ቀጥሎ የብራቾውን ቦኮላዎች፣ ቦል ጆይንቱን፣ የመሪውን መገጣጠሚያዎችና የመሪ ሾክ የምንላትን አግድም የተኛችውን ትንሽ ሾክ ተመልከቱ። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ ትንሽ ትንሽ ላልተው ነው አንድ ላይ የሚያንቀጠቅጧት። የመሪ ሾኳን ብቻ አዲስ ብታደርጉ መንቀጥቀጡ ለጥቂት ወር ይደበቅና ይመለሳል። ያኔ እሷን ትወቅሳላችሁ።

ጥያቄ ካላችሁ መኪናዬ ውጭ ቆማለች። የፊት ክዳኗን ከፍቼዋለሁ፣ ምንጣፉንም ገልጬዋለሁ። ጉልላቱን መዳበስ ትችላላችሁ፣ ሦስቱን ዳዶዎችም እዩ። መሐለኛውን ብቻ አትንኩብኝ።